ጋርኔት የተባለውን ዕንቍ በጠባዩ ስለ መለየት

ከእናቱ በወረሰው ቀለበት ላይ ያለው ቀይ ድንጋይ ምን እንደ ሆነ ለማወቅ የሚሻ ሰው፥ ወይም ከደቡብ አገር በጨርቅ ተቋጥሮ የመጣለትን ቀይ ጠጠር ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሊፈትነው የሚፈልግ ነጋዴ፥ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ቀለሙ የምን ቀለም እንደሚመስል ነው። እኔም ዕንቍ መመርመር በጀመርሁበት ዘመን ከዚሁ ጥያቄ ተነሥቼ ብዙ ጊዜ ስለ ተሳሳትሁ፥ አንባቢዬ ከሁሉ አስቀድመው ቀለምን ከምስክሮች ወንበር አስነሥተው፥ የሌሎቹ ቃል ተሰምቶ እስኪያልቅ ድረስ ከደጅ እንዲያቆሙት እለምናለሁ።

ይህን የምልበት ምክንያት አለኝ። የጥንት ሕዝቦች ዕንቍን የሚሰይሙት በኅብሩ ብቻ ስለ ነበረ፥ ጽርዓውያን «አንትራክስ»፥ ሮማውያንም «ካርቡንኩሉስ» ሲሉ፥ ሁለቱም ቃላት ፍሕም ማለት ናቸውና፥ በዚህ በፍሕም ስም ሥር ሩቢውም፣ ስፒነሉም፣ ጋርኔቱም በአንድነት ተጠቅልለው ይኖሩ ነበር፤ በሊቀ ካህናቱ በአሮን የደረት ልብስ ላይ የተተከሉት የዐሥራ ሁለቱ ዕንቍዎች ስሞች ከቋንቋ ወደ ቋንቋ በተሻገሩ ቍጥር መተርጕማንን ሲያከራክሩ የኖሩትም በአብዛኛው ከዚሁ የተነሣ ነው። የነገሥታት ግምጃ ቤት እንኳ ከዚህ ስሕተት አልዳነም፤ በእንግሊዝ ዘውድ ግንባር ላይ ተተክሎ «የጥቁሩ መስፍን ሩቢ» እየተባለ ለረዥም ዘመን ሲከበር የኖረው ትልቅ ቀይ ድንጋይ፥ ጠባዩ ሲመረመር ስፒነል ሆኖ ተገኝቷል። የጋርኔት ስም ራሱ ሮማን ከሚለው የላቲን ቃል፥ ከ«ግራናቱም» የወጣ ሲሆን፥ የበሰለ ሮማን ሰንጥቆ ፍሬውን በመስኮት ብርሃን ያየ ሰው ስሙ ለምን እንደ ተሰጠ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል፤ ነገር ግን ይህ ያማረ ስምም ቢሆን ሙሉ እውነት አይናገርም፥ ምክንያቱም ጋርኔት ብርቱካንማም፣ ቢጫም፣ ሐመልማልም፣ ጥቁርም፣ ቀለም አልባም ሆኖ ይገኛል።

ጋርኔት አንድ ድንጋይ ሳይሆን ነገድ ነው። የነገዱ ልጆች ሁሉ የሚኖሩት በአንድ ዓይነት ቤት ነው፤ የቤቱ ማገርና ወራጅ ሲሊከንና ኦክሲጅን ሲሆኑ፥ በመካከላቸው ለሁለት ወገን እንግዶች የተሰናዱ መቀመጫዎች አሉ። በአንደኛው ወገን ማግኒዝየም፣ ብረት፣ ማንጋኒዝ ወይም ካልስየም፥ በሁለተኛው ወገን ደግሞ አሉሚንየም፣ ብረት ወይም ክሮምየም ይቀመጣል። ማግኒዝየምና አሉሚንየም የተቀመጡበት ፓይሮፕ ይባላል፥ በጽርዕ እሳት የመሰለ ዓይን ያለው ማለት ነው፤ ብረትና አሉሚንየም የያዘው በታናሽ እስያ በነበረችው በአላባንዳ ከተማ ስም አልማንዲን ተብሏል፤ ማንጋኒዝ ያለበት በጀርመን አገር ከሚገኘው ከሽፔሳርት ዱር ስሙን ወስዶ ስፔሳርቲን ሆነ። ከካልስየም ወገን ደግሞ ከአሉሚንየም ጋር ግሮሱላር፥ ከብረት ጋር አንድራዳይት፥ ከክሮምየም ጋር ኡቫሮቫይት ይገኛሉ። እነዚህ ስድስቱ በመጽሐፍ ላይ ተለያይተው ይጻፉ እንጂ፥ በተፈጥሮ እርስ በርሳቸው እንደ ተጋቡ ቤተ ሰቦች ስለሚቀላቀሉ፥ ደሙ ያልተቀየጠ ጋርኔት ማግኘት ብርቅ ነው፤ በገበያ ሮዶላይት የሚባለው ወይን ጠጅ መሳይ ድንጋይ የፓይሮፕና የአልማንዲን ልጅ ነው። የሚመረምሩት ድንጋይ በሁለት መደቦች መካከል ቢወድቅብዎ እንግዲህ ሚዛንዎን አይጠራጠሩ።

ለሥራው የሚያስፈልገው መሣሪያ ሰው ከሚገምተው ያነሰ ነው፤ የግራምን አንድ መቶኛ የሚያነብ የኪስ ሚዛን፥ ዐሥር ጊዜ የሚያጎላ ሉፕ፥ አንድ የፕላስቲክ ኩባያ፥ የስፌት ክር፥ ከተበላሸ የኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚወጣው ዓይነት ብርቱ ማግኔት፥ ባለ ሱቆች የብር ኖት የሚፈትሹበት ሐምራዊ መብራት፥ እንዲሁም ፖላራይዝድ የሆነ የፀሐይ መነጽር ይበቃሉ። ድንጋዩን በለብታ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ያጥቡት፤ የጣት ቅባትና የእጅ ክሬም የዋህ ዓይንን ከሐሰተኛ ነጋዴ ባልተናነሰ ያታልላሉና።

ድንጋዩ ያልተቈረጠ ጥሬ ከሆነ፥ መልኩን ከመመልከት ይጀምሩ። ጋርኔት በሁሉ አቅጣጫ እኩል ሆኖ የሚያድግ ፍጥረት ስለ ሆነ፥ ብዙውን ጊዜ ዐሥራ ሁለት ወይም ሃያ አራት ገጽ ያለው ድቡልቡል ሆኖ ይገኛል፤ ቱርማሊን ግን ረዘም ብሎ በርዝመቱ የተሰነተረ መስመር አለው፥ ስፒነል ሁለት ፒራሚድ በመሠረታቸው የተጋጠሙ ይመስላል፥ ሩቢም ባለ ስድስት ማዕዘን ሆኖ እንደ በርሜል ወይም እንደ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ይበቅላል። ጋርኔት ቢሰበር በተወሰነ መስመር ተሰንጥቆ አይላጥም፤ ስብራቱ እንደ ጠርሙስ ስብራት ጎድጎድ ያለ ነው። በወራጅ ውሃ ተንከባልሎ የለሰለሰ ጠጠር ግን ይህን ሁሉ ምልክቱን አጥቶ ስለሚመጣ፥ ወደ ሚዛኑ ማለፍ ግድ ነው።

ሚዛኑን ከሁሉ አብልጬ የምወድደው ስለ ሆነ ጥቂት ልቈይበት። አንድ ማታ የወንድሜ ልጅ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ቀይ ጠጠር ከኪሱ አውጥቶ በራት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና፥ «ጋሼ፥ ሩቢ ነው ብሎ ነው የሸጠልኝ» አለኝ። ስንት እንደ ከፈለ አልጠየቅሁትም፥ ፊቱ ይናገር ነበርና። ጠጠሩን በደረቁ ብንመዝነው 6.15 ግራም ሆነ። ከዚያም ኩባያውን እስከ ወገቡ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ሞልተን፥ አንዲት ጠብታ ሳሙና ጨምረን፥ ከነውሃው ሚዛኑ ላይ አስቀምጠን ንባቡን ወደ ዜሮ መለስነው፤ ጠጠሩንም በክር አስረን፥ ክሩን በእጃችን እንደ ያዝን፥ ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ እንዲሰጥም፥ ነገር ግን የኩባያውን ታችም ሆነ ጎን እንዳይነካ አድርገን አንጠለጠልነው። ሚዛኑ 1.60 አነበበ። ይህ ቍጥር ጠጠሩ ከቦታው ያስለቀቀው ውሃ ክብደት ነው፤ የደረቁን ክብደት ለዚህ ቢያካፍሉት 3.84 ይወጣል፥ ትርጓሜውም ድንጋዩ እኩል ስፍራ ከሚይዝ ውሃ 3.84 ጊዜ ይከብዳል ማለት ነው።

አሁን ይህን ቍጥር ከጎረቤቶቹ ጋር ያስተያዩት። መስተዋት መሳዩ ኳርትዝ 2.65፣ ቱርማሊን 3.06 ገደማ፣ ስፒነል 3.60፣ ሩቢ 4.00 ነው። ከጋርኔት ነገድ ግሮሱላር በ3.61 አካባቢ፣ ፓይሮፕ በ3.78 አካባቢ፣ ሮዶላይትና አንድራዳይት በ3.84 አካባቢ፣ አልማንዲን ከ3.93 እስከ 4.30፣ ስፔሳርቲን በ4.15 ገደማ ይገኛሉ። የልጁ ጠጠር ሩቢ ቢሆን ኖሮ ሚዛኑ 1.60 ሳይሆን 1.54 ያህል ባነበበ ነበር፤ ልዩነቱ ጥቂት ቢመስልም ሦስት ጊዜ ደጋግመን ብንመዝን አልተነቃነቀም። ነገር ግን ሁለት ነገር እንዳይዘነጉ አደራ እላለሁ። አንደኛ፥ አንድ ካራት ማለት 0.20 ግራም ብቻ ስለ ሆነ፥ የአንድ ካራት ድንጋይ የሚያስለቅቀው ውሃ 0.05 ግራም ያህል ነው፤ ሚዛንዎ በ0.01 ቢሳሳት ውጤቱ ከ3.33 እስከ 5.00 ይዋዥቃል፥ ስለዚህ በኪስ ሚዛን ትንሽ ድንጋይ መመዘን ድካም ብቻ ነው። ሁለተኛ፥ ሩቢ 4.00 ሲሆን አልማንዲንም 4.00 ሊሆን ይችላልና፥ ሚዛን ብቻውን ሊፈርድ አይገባውም። በነገራችን ላይ፥ ከወሎ፥ ከደላንታ የመጣ ኦፓል ያለዎት እንደ ሆነ በዚህ መንገድ አይመዝኑት፤ ውሃ የሚጠጣ ድንጋይ ስለ ሆነ ክብደቱም መልኩም ይለዋወጥብዎታል። ጋርኔት ግን ውሃ አይጠጣም።

ወደ ማግኔቱ እንለፍ። ቀይ ጋርኔት ከነፍሱ ጋር የተዋሐደ ብረት ወይም ማንጋኒዝ ስላለው፥ ብርቱ ማግኔት ሲቀርበው ይሳባል፤ ሩቢ ግን ቀይነቱን ያገኘው ከጥቂት ክሮምየም ስለ ሆነ ዝም ይላል፥ ቀይ ስፒነልም እንደዚሁ፥ ቀይ ብርጭቆም አብዛኛውን ጊዜ እንደዚሁ። ድንጋዩ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ ሰበቃው መሳቡን ስለሚሰውረው፥ በሰፊ ሳሕን ውሃ ሞልተው በትንሽ ቁራጭ ፎም ላይ ድንጋዩን ያንሳፍፉት፤ ውሃው ጸጥ እስኪል ይታገሡና ማግኔቱን ከጎን በኩል ሳያስነኩ ያቅርቡለት። የልጁ ጠጠር ለጥቂት ጊዜ ካመነታ በኋላ፥ ፎሙን እንደ ጀልባ እየነዳ፥ እናቱ እንደ ጠራችው ጥጃ ወደ ማግኔቱ መጣ። ማግኔቱን ወደ ሌላው ጎን ስናዞረው ዞሮ ተከተለው። ልጁ ሳቀም አዘነም፤ ሩቢው በዚያች ሳሕን ውስጥ ሞቶ ነበርና። አልማንዲንና ስፔሳርቲን ብርቱ ስበት ያሳያሉ፥ ፓይሮፕ እንደ ያዘው ብረት መጠን ይለዝባል፥ አረንጓዴው ግሮሱላር ግን ከናካቴው የማይንቀሳቀስ ሊሆን ይችላልና፥ ይህ ፈተና በዋናነት ለቀዩና ለብርቱካንማው ወገን ነው።

ከዚህ በኋላ መብራት ያጥፉ። በጨለማ ውስጥ የብር ኖት መመርመሪያውን ሐምራዊ መብራት በድንጋዩ ላይ ያብሩበት፤ ብዙ ሩቢና ብዙ ቀይ ስፒነል እንደ ተራገበ ፍሕም ከውስጣቸው ቀይ ሆነው ሲበሩ፥ ቀይ ጋርኔት በብረቱ ምክንያት ድፍን ጨለማ ሆኖ ይቀራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ፤ የበራው ድንጋይ ቀይ ጋርኔት እንዳልሆነ መወሰን ይቻላል፥ ያልበራው ግን ጋርኔት ነው ብሎ መወሰን አይቻልም፥ ብረት የበዛበት ሩቢም ላይበራ ይችላልና።

የላፕቶፕ ስክሪን ነጭ ገጽ እንዲያሳይ አድርገው፥ የፀሐይ መነጽሩን አንድ ዓይን በስክሪኑ ፊት እያዞሩ፥ ብርሃኑ ተጋርዶ ሲጨልም ያቁሙት፤ በዚያ ጨለማ መካከል፥ በስክሪኑና በመነጽሩ መሐል፥ ብርሃን የሚያሳልፈውን ድንጋይ በመቆንጠጫ ይዘው ቀስ ብለው አንድ ሙሉ ዙር ያዙሩት። ሩቢ፣ ቱርማሊንና ዚርኮን ብርሃንን ለሁለት የሚከፍሉ ስለ ሆኑ፥ በአንድ ዙር አራት ጊዜ ይበራሉ አራት ጊዜም ይጨልማሉ፤ ጋርኔት ብርሃንን ስለማይከፍል ጨልሞ ይቀራል፥ ወይም በውስጡ ባለ ውጥረት ምክንያት እንደ እባብ የሚጥመዘመዝ ደካማ ጥላ ብቻ ያሳያል። ድንጋዩን በሌላ ጎኑ አዙረው ይድገሙት፤ ሩቢም ቢሆን በአንድ አቅጣጫ ሲታይ እንደ ጋርኔት ጨልሞ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ስፒነልና ብርጭቆም ብርሃን አይከፍሉም፥ ነገር ግን እነርሱን ማግኔቱ ቀድሞ ለይቷቸዋል። አንዱ ምስክር የሸሸገውን ሌላው የሚያወጣው እንዲህ ነው።

ሉፑን ዓይንዎ ላይ አስጠግተው ድንጋዩን ወደ ሉፑ ያምጡት እንጂ ሉፑን ወደ ድንጋዩ አይውሰዱ። በአልማንዲን ውስጥ እርስ በርሳቸው የሚተላለፉ ቀጫጭን መርፌዎች ይታያሉ፤ መርፌዎቹ ብዙ ሲሆኑና ድንጋዩ እንደ ጉልላት ተድቦልቡሎ ሲወለወል በላዩ ላይ ባለ አራት ወይም ባለ ስድስት ጨረር ኮከብ ይወጣል፥ በአሜሪካ የአይዳሆ ግዛት በዚህ ዓይነቱ የታወቀች ናት። ቀረፋ መሳዩ ሄሶናይት፥ ከግሮሱላር ወገን ነው፥ ውስጡ ማር በሙቅ ውሃ ሲበጠበጥ የሚመስል ሞገድ አለው፤ በቀድሞ ዘመን የአውሮፓ ነጋዴዎች ይህንንና ብርቱካንማውን ዚርኮን በአንድነት በጽርዕ ስም «ሀያኪንቶስ» ይሉት ነበር፥ የእኛም «ያክንት» ከዚሁ ቃል የመጣ ነው። ክብ ክብ የሆነ የአየር አረፋ ካዩ ግን ብርጭቆ ነው፥ ሰነፍ ሆነው አይከራከሩ።

በሉፑ የሚገለጥ ሌላ ተንኮል አለ። በ19ኛው መቶ ዓመት የአውሮፓ ጌጥ ሠሪዎች ስስ የጋርኔት ቅርፊት በባለ ቀለም ብርጭቆ ላይ በእሳት እያጣበቁ፥ ሰማያዊ ሲሹ ሰንፔር፥ አረንጓዴ ሲሹ መረግድ አስመስለው ይሸጡ ነበር፤ ሰው ሠራሹ ሩቢ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በርካሽ መሠራት ሲጀምር ሙያው ቢቀርም፥ ሥራዎቹ በአሮጌ ቀለበቶች ላይ ዛሬም አሉ። ድንጋዩን በፊቱ ደፍተው ነጭ ወረቀት ላይ ያስቀምጡትና ከላይ ብርሃን ያብሩበት፤ በሰማያዊው ወይም በአረንጓዴው ድንጋይ ጠርዝ ዙሪያ ቀጭን ቀይ ቀለበት ከታየ ምስጢሩ ወጥቷል።

ሪፍራክቶሜትር ያለው ባለሙያ ካገኙ የብርሃን ስብራት ልኩን ያስነብቡ፤ ፓይሮፕ ከ1.72 እስከ 1.76 ገደማ፣ ግሮሱላር ከ1.73 እስከ 1.76፣ አልማንዲን ከ1.77 እስከ 1.82 ሲሆን፥ አንድራዳይት 1.88 ገደማ ስለ ሆነ ከተለመደው መሣሪያ መለኪያ በላይ ነው። ብርሃንን ስለማይከፍል፥ ጋርኔት በዚህ መሣሪያ ላይ የሚያሳየው ጥላ ሁልጊዜ አንድ ብቻ ነው።

ስለ አረንጓዴዎቹ ጥቂት ልበል፥ ዋጋቸው ከቀዮቹ የሚበልጠው እነርሱ ናቸውና። በሩሲያ በኡራል ተራሮች የተገኘው ዲማንቶይድ ከአንድራዳይት ወገን ሲሆን፥ ብርሃንን ወደ ቀስተ ደመና በመበተን አልማዝን ይበልጣል፥ የአልማዝ 0.044 ሲሆን የእርሱ 0.057 ነውና፤ በውስጡም እንደ ፈረስ ጭራ የተበተነ የወርቃማ ጭረት ጥቅል የተገኘ እንደ ሆነ፥ በሌላው ዕንቍ ጕድለት የሚባለው በእርሱ ላይ ዋጋ ይጨምራል። ጻቮራይት ደግሞ አረንጓዴ ግሮሱላር ነው፤ ካምቤል ብሪጅስ የተባለው የስኮትላንድ ተወላጅ ጂኦሎጂስት በ1967 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በታንዛንያ አገኘው፥ በኋላም በኬንያ፤ በ1974 ቲፋኒ የተባለው የኒውዮርክ ጌጣጌጥ ቤት በኬንያው የጻቮ ብሔራዊ ፓርክ ስም ሰይሞ ለዓለም አስተዋወቀው። ይህ አረንጓዴ ድንጋይ የተወለደበት «የሞዛምቢክ ቀበቶ» የሚባለው እጅግ ጥንታዊ ዐለት ወደ ሰሜን እየዘለቀ ደቡብ ኢትዮጵያን ይነካል፤ በዚያ አካባቢ ሺስትና ናይስ የሚባሉ ጋርኔት የተዘራባቸው ዐለቶች እንግዳ ነገር አይደሉም። በገበቴ ወርቅ የሚያጥብ ሰው ጋርኔትን በሚገባ ያውቀዋል፥ ከባድ ስለ ሆነ ቀላሉ አሸዋ ታጥቦ ሲሄድ ከጥቁሩ አሸዋ ጋር ገበቴው ታች ይቀራልና፤ ይሁን እንጂ አብዛኛው የተሰነጣጠቀና የጨለመ ስለሚሆን ለጌጥ ሳይሆን ለብርጭቆ ወረቀት የሚበቃ ነው። ጥቁር የመሰለውን ጠጠር ከመጣልዎ በፊት ግን በስልክዎ መብራት ከኋላው ያብሩበት፤ ጠርዙ ላይ ወይን ጠጅ ቀለም ከፈነጠቀ፥ ቀጭን ተደርጎ ቢቈረጥ ሊያምር ይችላል።

ጋርኔት መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ አያያዙም ከጠባዩ ይወሰዳል። ጥንካሬው በሞስ መለኪያ ከ6.5 እስከ 7.5 ስለ ሆነ፥ ኳርትዝ ያለበት የመንገድ አቧራ በጊዜ ብዛት ሊያደበዝዘው ይችላል፤ በደረቅ ጨርቅ ከመወልወል ይልቅ ማጠብ ይሻላል፥ ከሩቢና ከአልማዝ ጋርም በአንድ ሣጥን አያኑሩት። የተቈረጠ ድንጋይ በመጫር ጥንካሬውን ልፈትን የሚል ሻጭ ካጋጠመዎ ድንጋዩን ከእጁ ይቀበሉት። ከሁሉ የሚጠላው ግን ድንገተኛ ሙቀትን ነው። አንድ ጊዜ የአክስቴን ቀለበት፥ ጣቷ ስለ ወፈረ እንዲሰፋላት፥ ለአንድ ወርቅ ሠሪ ሰጥቼ፥ እርሱም ድንጋዩን ሳያወጣ ነበልባሉን ለቀቀበት፤ ሲመለስልኝ በጋርኔቱ ውስጥ ነጭ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ገብቶ አገኘሁት፥ «ድሮም ነበረበት» ተባልሁ፥ እኔም አስቀድሜ በሉፕ ስላላየሁት የምመልሰው ቃል አጣሁ።

ስለዚህ ቀለበትዎን ለብየዳ ከመስጠትዎ በፊት ድንጋዩን በሉፕ አይተው በስልክዎ ፎቶ ያንሡት፥ እሳት ሳይነካው ከመቀመጫው እንዲወጣ በግልጽ ይናገሩ፥ ከወጣም ዘንድ በዚያው አጋጣሚ ሚዛን ላይ ያኑሩትና ካራቱን በደረሰኙ ላይ ያስጽፉ፤ ቀለበቱን ሲረከቡም ገንዘቡን ከመቍጠርዎ በፊት እዚያው ባንኮኒው ፊት ቆመው ሉፑን ያውጡ።